ወደ ደባርቅ የአንድ ቀን ጉዞ

ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ከባለቤታችንና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከጎንደር ተነሥተን ወደ ደባርቅ ጉዞ ጀመርን። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ማልዶ የተነሣ ሰው ከተማውን ጎብኝቶ፣ ገበያውን አይቶ፣ ምሳውንም በልቶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ለመመለስ ይችላል። ወራቱ በዓለ ሃምሳ ነበርና የጾም ሐሳብ አልነበረብንም፤ ልጆቹም ከዋዜማው ጀምረው በደባርቅ ምን እንደሚበሉ ይከራከሩ ነበር። እኛ ግን ለእነርሱ ያልነገርናቸው ሌላ ጉዳይ ነበረን፤ እርሱንም በስፍራው እንገልጸዋለን።

ወለቃን አልፈን ወደ ኮሶዬ ስንወጣ ብርዱ በረታ። ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ሲመለከቱ ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ባሕር ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የወገራ ደጋ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ገበሬው በሬውን ጠምዶ የግንቦትን እርሻ ያርስ ነበር። በአምባ ጊዮርጊስ ሻይ ጠጣን፤ ሻዩ ከስኳሩ በቀር ይህ ነው የሚባል ጣዕም አልነበረውም። ዳባት ስንደርስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ወሬ በድንገት ጸጥ አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀናት፣ በጦርነቱ ምክንያት፣ በዳባት ወረዳ በምትገኘው በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋልና፤ ከአጠገባችን የተቀመጡት እናት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እስከ ከተማው ዳር ድረስ በመስኮት ይመለከቱ ነበር። ምንም አልጠየቅናቸውም።

ደባርቅ የደረስነው ሦስት ሰዓት ሲሆን ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ ፀሐይዋ እያቃጠለች ጥላው ያንቀጠቅጣል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሱቁ ሱቅን ተደግፎ ቆሟል። ባናና ጋቢ የሚሸጠው፣ ማር በባልዲ የሚያቀርበው፣ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው፣ ጧፍና ዕጣን፣ መስቀልና የጸሎት መጽሐፍ የሚዘረጋው፣ ሁሉም ጎን ለጎን ነው። በበሩ ላይ በቅሎ የታሰረበት ሱቅ ካያችሁ፣ ባለበቅሎው ከሰሜን ተራራ ወርዶ ጨውና ዘይት እየገዛ እንደ ሆነ ዕወቁ።

ስፍራው የመንገደኛ ማረፊያነቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከምፅዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው የጥንት ሲራራ በሊማሊሞ አቀበት ወጥቶ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የመጣው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው። በኋላም ጣልያኖች በወረራው ዘመን መኪና የሚሄድበትን መንገድ በገደሉ ላይ ጠምዝዘው ሠሩበት። ወደ ዋልድባ ገዳም የሚወርዱ መናንያንና ተሳላሚዎች እስካሁን በደባርቅ ያልፋሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ደረስጌ ማርያምም ያለችው በዚሁ በሰሜን አገር ነው። ከሁሉም በላይ ግን ማኅሌታዊው ቅዱስ ያሬድ በመጨረሻ ዘመኑ ወደ ሰሜን ተራሮች ገብቶ በዚያ እንደ ተሰወረ አባቶች ያስተምሩናል፤ በዓሉ ግንቦት 11 ቀን ነውና እኛ የሄድነው በማግሥቱ ነበር።

ያንን ቀን የመረጥነው በከንቱ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በደባርቅ አቅራቢያ በነበረ ጉባኤ ቤት የቅዱስ ያሬድን ዜማ እንማር ነበር። እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ ለምድ ለብሰን፣ አኮፋዳ አንግተን፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ እንለምን ነበር። አንዲት እናት ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ ይሰጡን ነበር። አንድ ቀን ከጎረቤት ቤት የወጣ ውሻ ሲያባርረን፣ በደጃቸው የተቀመጠውን ውኃ የሞላ እንስራ ገጭተን ሰበርነው። እናቲቱ ወጥተው ሳያዩን ሮጠን አመለጥን፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ በዚያ ሰፈር አልለመንንም። ውኃው ከሩቅ ምንጭ በጀርባ የሚመጣ መሆኑን በሚገባ እናውቅ ነበርና ነገሩ አሁን ሲጻፍ ቀላል ቢመስልም እኛን ብዙ ዘመን ሲከነክነን ኖሯል። ለንስሐ አባታችን ብንናገር፣ «ሂድና ክፈል» አሉን እንጂ ሌላ ቀኖና አልሰጡንም።

ሰፈሩን ማግኘት አስቸገረን። የጭቃ ቤቶቹ የነበሩበት መንገድ ቁርስ ቤትና ፀጉር ቤት ሆኗል። ሦስት ባለሱቆች ሦስት ልዩ ልዩ አቅጣጫ አመለከቱን። በመጨረሻ አንዲት የጀበና ቡና የምታፈላ ወጣት ወደ አንድ ምግብ ቤት ወሰደችን፤ ባለቤቲቱም የእናቲቱ ልጅ ሆነው ተገኙ።

«እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው» አሉን። ጉዳያችንን ስንነግራቸው መጀመሪያ ዝም ብለው ተመለከቱን፤ ቀጥለውም እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «የኔታ፣ እናንተ የቆሎ ተማሪዎች የሰበራችሁት እንስራ አንድ ብቻ መሰለዎ?» ገንዘብ ብናወጣም እጃቸውን ሰበሰቡ። «የሙት ዕዳ በገንዘብ ለእኔ አይከፈልም። የሰበሩት እንስራ ነውና እንስራ ይተኩልኝ። ገበያው እዚያ ነው!»

ስለዚህ ወደ ገበያ ሄድን። ልጆቹ ምክንያቱን የሰሙት ያን ጊዜ ነው፤ ወንዱ ልጃችን «አባባ ውሻ ፈርቶ ነበር?» እያለ መንገዱን ሁሉ ደጋገመው። በገበያው ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ሞልቷል፤ የእንስራ ነገር ግን ጭንቅ ነበር። ውኃ መቅጃው ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ሆኗል። ድንች የሚሸጡ አንድ አዛውንት ስንጠይቃቸው፣ እርሳቸው ከግጭ መንደር መምጣታቸውን ነገሩን። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የግጭ ሰዎች በውስጡ ያርሱና ከብት ያረቡ ነበር። ግጦሹና እርሻው ዋልያውንና ቀይ ቀበሮውን ስላጠበበ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። የመንደሩ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ተነሥተው በደባርቅ ከሰፈሩ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። አዛውንቱ ግን፣ «ዋልያው አገሩን አገኘ፤ እኔ ደግሞ ድንች በኪሎ ገዝቼ በኪሎ እሸጣለሁ» አሉን። ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም። ዋልያው መትረፉ ደስ ያሰኘናል፤ ሆኖም ድንቹን ሳንከራከር ገዛናቸው።

ሸክላ ሠሪዋን ያመለከቱን እርሳቸው ናቸው። ከጀበናውና ከምጣዱ ኋላ ሁለት እንስራዎች ቆመዋል። «ለጠላ ነው ለውኃ?» ብላ ጠየቀችን።

«ለዕዳ ነው» አልናት።

በጣቷ አንኳኩታ ድምፁ የጠራውን መረጠችልን። እንስራ የሚሸከሙት በዚህ አገር ሴቶች ናቸውና፣ ጎልማሳ መምህር በኮትና በከረባት እንስራ ተሸክሞ በአስፋልት ሲያልፍ ደባርቅ ምን ያህል እንደ ሳቀ መገመት ይቻላል። ሴቷ ልጃችን ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ የማታውቀን መሰለች። ባለቤታችን ልሸከመው ብትልም እንቢ አልን።

ወይዘሮዋ እንስራውን ተቀብለው ውስጡን ተመለከቱ፣ አሸተቱት፣ ከበሩ ጎን አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ምሳ ቀረበ፤ የበግ ጥብስ፣ የገብስ ዳቦ፣ ከእሳት የወረደ ሽሮ ነበር። በማዕዱ ላይ ስለ ሥራቸው አጫወቱን። ጉዞ ወደ ፓርኩ የሚያደርግ እንግዳ ሁሉ አስጐብኚና ጠባቂ የሚይዘው በደባርቅ ስለሆነ፣ ድሮ ማለዳ ማለዳ ለባዕዳን ተጓዦች ቁርስ ያቀርቡ ነበር፤ በመጀመሪያ በኮሮና፣ በኋላም በጦርነቱ ሁሉም ቀረ። ከጦርነት የሸሹ ተፈናቃዮች ከተማውን በሞሉት ጊዜም ያው ብረት ድስት ለእነርሱ እንደ ተጣደ ነገሩን። በዚያ ሰሞን ከተጓዦቹ ጥቂቶቹ መመለስ ጀምረው ነበር፤ በማዶው ጠረጴዛም ሁለት አስጐብኚዎች የሚመጣ እንግዳ እየጠበቁ ካርታ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የምሳውን ሒሳብ ግን ሳንቲም ሳይቀር ተቀበሉን፤ ይህም ደስ አለን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንሰናበት፣ ለልጆቹ በሁለት እፍኝ የገብስ ቆሎ ሰፈሩላቸው። ወንዱ ልጃችን ገና ዳባት ሳንደርስ ቆሎውን በሚኒባሱ ወለል ላይ ደፋው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ለቀመለት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በክልሉ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ክረምት እንመለሳለን ብለን የነበረውም ጉዞ ቀረ። ከወራት በኋላ በዚያ መስመር የሚሠራ አንድ ሾፌር አግኝተን ስለ ምግብ ቤቱ ጠየቅነው። ወይዘሮዋ ደኅና ናቸው አለን፤ እንስራውም ከበሩ ጎን ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገብቷል፣ ለጠላም ውሏል።