ስለ አምስተኛዪቱ ሽቦ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ የጉናን ተራራ እያየ ይጓዝና ገሳይን ያገኛል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅልበታል። በዚያ የሚያድግ ልጅ ሁሉ መጽሐፍ ሳይከፍት የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሸክም በዳገት ወደ ኋላ እንደሚጎትት፥ በቁልቁለት ግን ከኋላ እንደሚገፋ ነው። የተጫነች አህያ ቁልቁለት ስትወርድ ጭነቷ ወደ አንገቷ ይንሸራተታልና፥ ብልህ ጫኝ ከጅራቷ ሥር በሚያልፍ ማሰሪያ አስቀድሞ ይይዘዋል። ማሰሪያውን የረሳ ሰው ከመንገዱ ላይ እህሉን ይለቅማል።

በዚሁ ደጋ ላይ ከአህያ ጭነት እጅግ የሚበልጥ ሸክም አልፏል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ይዘው ነበር። መድፉን የሠሩት ከአውሮፓ የመጡ የሚሲዮን ባለእጆች ናቸው፤ የሠሩትም ለደብረ ታቦር ቅርብ በሆነችው በጋፋት ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ስለ ነበረ በሠረገላ ተጫነ፤ 500 ሰው ያህል እንደ ጎተተውም ይነገራል። መንገድ አልነበረምና ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋራ ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገዱን አበጁ። የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና የሚታየው የመድፉ አምሳያ ነው፤ እውነተኛው እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደንቁት ዳገቱን ነው። ነገር ግን ልብ ብሎ ላሰበው ሰው ቁልቁለቱ ይከፋል። በዳገት ጎታቹ ቢደክም ሠረገላው ይቆማል፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግለትና ሰው ያርፋል። በቁልቁለት ግን 70 ኩንታል ብረት ራሱ ይሄዳል፤ ከኋላ ጠፍር ይዞ የሚያዘገየው ከሌለ ከፊት ያሉትን ሁሉ ይጨፈልቃል። ጠፍር የሚይዝ ሰው ደግሞ ጆሮ አለው። «ያዝ!» ሲሉት ይይዛል፤ «ልቀቅ!» ሲሉት ይለቃል።

በዚህ ዘመን የሠረገላውን ቦታ ተሳቢ ወሰደው፤ ተሳቢም ጆሮ የለውም።

አንድ ሾፌር ከጂቡቲ ወደብ ጀልባ በተሳቢ ጭኖ በወልድያ፥ በጋሸና፥ በነፋስ መውጫና በገሳይ በኩል ወደ ጣና ሐይቅ ይሄዳል እንበል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የጣና ውኃ ግን 1,800 ሜትር ያህል ላይ ነው። እንግዲህ ከደብረ ታቦር እስከ ሐይቁ ብቻ 900 ሜትር ይወርዳል። ጀልባው ከኋላ ይገፋዋል። ታዲያ ጠፍሩን የሚይዝለት ማን ነው?

ለዚህ ተብሎ የተሠራ ፍሬን አለ። መኪናውን ከተሳቢው ጋራ የሚያገናኘው መጋጠሚያ ሁለት ብረት ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። ሾፌሩ የመኪናውን ፍሬን ሲረግጥ መኪናው ይዘገያል፤ ተሳቢው ግን ገና ሊሮጥ ይወዳልና ወደ ፊት ይገፋል። ያን ጊዜ ብረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ የፍሬኑን ዘይት ይጨምቀዋል፤ ዘይቱም በቀጭን ቧንቧ ሄዶ የተሳቢውን ጎማዎች ይይዛል። ጭነቱ በከበደ መጠን ግፊያው ይበረታል፤ ግፊያው በበረታ መጠንም ፍሬኑ ይጠብቃል። ይህን ያሰበ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ጠላት የነበረውን ግፊያ ጠባቂ አድርጎታልና።

ሆኖም ጉድለት አለበት። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ፈልጎ ማርሽ ኋላ ያስገባል። መኪናው ተሳቢውን ሲገፋው መጋጠሚያው እንደገና ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱ ይጨመቃል፤ ጎማዎቹም ይያዛሉ። ፍሬኑ የሚያውቀው መገፋትን ብቻ ነው፤ ተሳቢው መኪናውን ገፋ ወይም መኪናው ተሳቢውን ገፋ፥ ለእርሱ አንድ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ቢጨምር ፍሬኑ ይብስ ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ለፍሬኑ «አሁን ልቀቅ» ሊለው ይገባል።

የሚለው አንዲት ሽቦ ናት። በአሜሪካ ልማድ ከመኪና ወደ ትንሽ ተሳቢ የሚሄዱት ሽቦዎች አራት ናቸው፤ ነጭዋ ለማሳ፥ ቡናማዋ ለኋላ መብራት፥ ቢጫዋ ለግራ ፍሬቻ፥ አረንጓዴዋ ለቀኝ ፍሬቻ ናት፤ የፍሬን መብራትም በእነዚሁ በሁለቱ ይሄዳል። ለፍሬኑ የምትጨመረው አምስተኛዪቱ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ናት። እርስዋም ከማርሽ ኋላ መብራት ጋራ ትያያዛለች። ሾፌሩ ማርሽ ኋላ ሲያስገባ ያ ነጭ መብራት ይበራል፤ በዚያው ቅጽበት ኤሌክትሪኩ በሰማያዊዋ ሽቦ ሄዶ በዘይቱ መንገድ ላይ ካለች ትንሽ በር ይደርሳል። በሩ ቫልቭ ይባላል። በዙሪያው የተጠመጠመው ሽቦ ማግኔት ይሆንና «ጠቅ» አድርጎ ይዘጋዋል። ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ አያልፍም፤ ተሳቢውም በሰላም ወደ ኋላ ይሄዳል። ማርሹ ሲወጣ መብራቱ ይጠፋል፥ በሩም ይከፈታል፥ ፍሬኑም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሽቦዋን ማያያዝ የሩብ ቀን ሥራ አይሞላም። ጭንቁ ሌላ ነው። ሽቦዋ ብትበጠስ ተሳቢው ወደ ኋላ አልሄድም ይላል፤ ሾፌሩ ይበሳጫል እንጂ የሚሞት የለም። ነገር ግን የቸኮለ ሠራተኛ ሰማያዊዋን ከቡናማዋ ጋራ ቢያጋጥማትስ? ቀን መብራት ስለማይበራ ፍሬኑ በደኅና ይሠራል፤ ሾፌሩም ሠራተኛውን አመስግኖ ይሄዳል። ሲመሽ፥ ወይም የገሳይ ደጋ ጉም ሲሸፍነው፥ መብራቱን ያበራል። ያን ጊዜ በሩ ይዘጋል። ምንም ድምፅ የሚሰማው የለም። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲረግጥ የተሳቢው ጎማዎች አይያዙም፤ ጀልባው በሙሉ ክብደቱ መኪናውን ይገፋዋል። ጠፍር ያዦቹ በጨለማ ውስጥ ጥለው እንደ ሄዱ ያህል ነው።

ስለዚህ ልባም ሾፌር ሥራውን በዓይን አይቶ አይቀበልም፤ በጆሮው ይመረምረዋል። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ይከፍታል፤ ረዳቱ ወደ መጋጠሚያው ሄዶ ያዳምጣል።

«ማርሽ ኋላ አስገብቻለሁ፤ ምን ሰማህ?»

«ጠቅ አለ፥ ጋሼ።»

«ማርሹን አወጣሁት፤ የኋላ መብራት አብርቻለሁ። አሁንስ?»

«ዝም ብሏል።»

«ግራ ፍሬቻ። ቀኝ ፍሬቻ። ፍሬንም ረግጫለሁ።»

«ሁሉም ዝም ነው፥ ጋሼ።»

ሾፌሩ ደስ የሚለው በጠቅታው ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን ደስ የሚለው በዝምታው ነው።

ከሐይቁ ዳር ሲደርሱ የሚያስገርም ነገር ይሆናል። ተሳቢው ወደ ውኃው በተዳፋቱ ሲወርድ በገዛ ክብደቱ ከመኪናው ይሸሻልና መጋጠሚያው ይሳባል እንጂ አይጨመቅም። ስለዚህ ረዳቱ ከተዳፋቱ ራስ ላይ ሶኬቱን ነቅሎ መብራቶቹን ከውኃ ሊጠብቅ ይችላል፤ በዚያች ጥቂት መንገድ አምስተኛዪቱ ሽቦ ባትኖርም ፍሬኑ አይይዝም። ጀልባዋ ትንሳፈፋለች፤ ባዶው ተሳቢ ውኃ እያንጠባጠበ ይወጣል።

ወደ ደብረ ታቦር ለመመለስ መኪናውን ሲያዞሩ ረዳቱ ሶኬቱን በጨርቅ አድርቆ ይሰካዋል። ከዚያም ማንም ሳያዝዘው ወደ መጋጠሚያው ይሄድና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይጥላል።