የገብስ አረቄ በመሐል ሜዳ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ የሚዘልቅ መንገደኛ መሐል ሜዳ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ሰዉም ባናውን ተከናንቦ ወደ ሥራው ይወጣል። በዚህ አገር ከእህል ሁሉ የሚታመነው ገብስ ነው። እንጀራው፣ በሶው፣ ቆሎውና ጠላው ከእርሱ ነው፤ አረቄውም እንዲሁ። የሌላው ዓለም ገበሬ ስንዴ በማይመቸው ቀዝቃዛ መሬት ላይ ራይ የተባለውን እህል ዘርቶ ዊስኪ እንደሚያወጣበት ሁሉ፣ የመንዝ ሰውም የብርድ መመከቻውን ብርድ ከሚችለው እህል ያገኘዋል።

በአንድ የቅዳሜ ምሽት ሦስት መምህራን ሦስት ጠርሙስ አረቄ አቅርበው ተቀመጡ። የፋብሪካ ጂንና ኡዞ ለደመወዛቸው አይቀመስም። አንደኛው ጠርሙስ የደብረ ብርሃን ዳግም አረቄ ነበር። ሁለተኛው ከመርሐቤቴ የመጣ የማሽላ አረቄ ነው። ሦስተኛው ከመምህራኑ የአንዱ ጎረቤት የሆነች ሴት ያወጣችው ተራ የገብስ አረቄ ሲሆን፣ ከሁሉም ርካሹ እርሱ ነው። ያም ሆኖ ይህ መምህር በገዛ ቁጥር ዋጋ ሳይከራከር ቀርቶ አያውቅም።

ዳግም፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ አንድ ጊዜ የወጣው አረቄ ተመልሶ የሚወጣ ነው። ተራው ከመቶ 34 እጅ ገደማ አልኮል ሲይዝ ዳግሙ ወደ 46 ይጠጋል። በመለኪያ ቀዱት፤ አፍንጫን መታ፣ ጉሮሮን አቃጠለ፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚናገረው አልነበረውም። ከመካከላቸው አንዱ ጥቂቱን በሳሕን ላይ አፍስሶ ክብሪት ለኮሰበትና በሰማያዊ ነበልባል ሲነድ እያሳየ «አረቄ ማለት ይህ ነው!» አለ። እሳቱ የሚመሰክረው ግን ለጉልበቱ ብቻ ነው፤ ለጥራቱ አይመሰክርም። ብዙ ጠጪ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። የማሽላው አረቄ ሲቀምሱት ጣፈጥ ብሎ ጀመረ፤ ኋላ ግን ያረረ ነገር ምላስ ላይ ጥሎ ሄደ። ድፍድፉ ከድስቱ ታች ይዞ ሳይቃጠል አልቀረም። ጎረቤትየዋ ያወጣችው መዓዛው የተቆላ ገብስ ነው፤ ሲወርድ ይሞቃል፣ ከወረደም በኋላ አፍን ንጹሕ አድርጎ ይተወዋል። የዳግሙ ጠበቃ ሳይቀር ሁለተኛ መለኪያ የጠየቀው ከዚህኛው ነበር።

በማግሥቱ መምህሩ ወደ ሴትዮዋ ቤት ጎራ አለ። የገብስ ቂጣ፣ ብቅልና የጌሾ ቅጠል ሆኖ በጋን የሰነበተው ድፍድፍ በምድጃ ላይ ነበር። የማሰሮው አፍ በጭቃና በእበት ተለስኗል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ ወደተቀመጠው ሌላ ማሰሮ ይወርዳል። አረቄ የሚለው ቃል የመጣበት ዐረብኛ ትርጉሙ ላብ ነው። ውሃው ሲሞቅ እየደፋች ሌላ ቀድታ ትሞላለች፤ ኩበቱን አንድ በአንድ ትጨምራለች። ዓይኖቿ ከጢሱ የተነሣ ቀልተዋል። ውርጭ ገብሱን በመታ ዓመት ወደ ጋን የሚገባው እያንዳንዱ ቁና ከልጆች ሌማት ላይ የሚነሣ ነው፤ የደብተርና የጨው ገንዘብ የሚገኘውም ከዚያው ጋን ነው።

«እትዬ፣ የእርስዎ አረቄ ራስ የማያዞረው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቃት።

«መጨረሻውን ስለማልጨምርበት ነው፣ ጋሼ። መጀመሪያ የሚወርደውን ጥቂትም እደፋዋለሁ። ኋላ ላይ እየቀጠነ የሚመጣውን ሰው ጠርሙስ ያበዛበታል፤ እኔ ግን ወደሚቀጥለው ድፍድፍ እመልሰዋለሁ።»

«ታዲያ መቼ እንደሚበቃ በምን ያውቃሉ? ይቀምሱታል?»

«እኔ አልጠጣም» አለችና ከሸምበቆው ጫፍ ጠብታ ተቀብላ በመዳፏ አሸችው፤ ወደ አፍንጫዋም አስጠጋችው። ትንሽ ቆይታ እሳቱን ከማሰሮው ሥር ጎትታ አወጣችው። ሸምበቆው ገና ይንጠባጠብ ነበር።

መምህሩ ምን ያህል አረቄ እንደቀረ በዓይኑ ለካ፤ አንድ ጠርሙስ ሳይሞላ አይቀርም። ከዚያ ባዶ ጠርሙሱን አቀረበላትና ዋጋውን ጠየቀ። ሴትዮዋ የቀድሞውን ዋጋ ነገረችው፤ ክርክሩንም እየጠበቀች ቀና ብላ አየችው። እርሱ ግን ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጣት።