‹‹ለማ አ›› ማነው?

‹‹ስምን መልአክ ያወጣዋል›› ይባላል። መልአክ ያወጣውን ስም የሕክምና መጽሔት ምን እንደሚያደርገው ግን እስካለፈው ክረምት ድረስ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪ ውስጥ፣ ከባቡሩ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝ፤ ቋሚ መሥሪያ ቤት ግን የለኝም። ጽሑፍ ሲወጣልኝ ከመጽሔት በማገኛት፣ ሳይወጣልኝ የሰው ጽሑፍ በማረም እተዳደራለሁ። በዚያ ክረምት አንድ የሰፈራችን ሐኪም አንድ ጥራዝ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው በሬን አንኳኩ። በሕፃናት ላይ ስለሚደርሰው የቢልሃርዚያ በሽታ ለዓመታት የደከሙበትን ጥናት ለአንድ የውጭ አገር መጽሔት ልከውት፣ ሳይነበብ ተመልሶላቸዋል። ምክንያቱ አንዲት መስመር ነበረች፤ ዋቢ ጽሑፎቹ በመጽሔቱ ሥርዐት አልተጻፉም የምትል።

‹‹እኔ በሽተኛ ላይ ነኝ፤ ጊዜ የለኝም። አንቺ ደግሞ የነጠላ ሰረዝ ቦታ ታውቂያለሽ ሲሉ ሰማሁ፣ ልጄ›› አሉኝ።

ዋቢዎቹ 43 ነበሩ። በሁለት ቀን የሚያልቅ መስሎኝ ‹‹እሺ ዶክተር›› አልኩ።

ሥርዐቱ ‹‹ቫንኩቨር›› ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው የተስማሙበትና በማግሥቱ ዓመት የታተመ ነው። ጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ የተጠቀሰው ጥናት 1 ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ የመጣው 2፤ እንዲያ እያለ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ በዚያው ቅደም ተከተል ዝርዝሩ ይጻፋል። መጀመሪያ የቤተሰብ ስም በሙሉ፣ ቀጥሎ የራስ ስም በአንድ ፊደል፣ ያለ ነጥብ። ከዚያ የጥናቱ ርእስ፣ የመጽሔቱ ስም በአጭሩ፣ ዓመት፣ ቅጽ፣ ገጽ። ነጥቡም ሰረዙም የየራሱ ቦታ አለው። መጀመሪያ ላይ የሥራ ፈት ሕግ መስሎኝ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን ገባኝ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲጽፍ፣ ቶኪዮ ያለ ሰው መሪ የተጻፈውን ያለ አስተርጓሚ ተከትሎ ምንጩ ድረስ ይደርሳል።

ችግሩ ‹‹የቤተሰብ ስም›› የሚለው ላይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የት አለንና! ያለን የራሳችን ስም ነው፤ ከኋላው የአባታችን ስም ይከተላል። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ግን ይህን አያውቅም። የመጨረሻውን ቃል ይዞ ወደ ፊት ያመጣና የፊተኛውን አንድ ፊደል ያደርገዋል።

በሐኪሙ ዝርዝር ውስጥ የዶክተር አክሊሉ ለማ ጥናት ነበረበት። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያድግ ወደ ሰው አይተላለፍምና ነገሩ ትልቅ ነበር። በ1965 የመጀመሪያውን ዘገባ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ሦስተኛ ቅጽ ላይ አሳተሙ። በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያቋቋሙት የምርምር ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዝርዝሩ ላይ ግን ‹‹ለማ አ›› ናቸው። የማያውቅ ሰው ቢያነበው እንዶዱን ያጠኑት አባትየው፣ አቶ ለማ ናቸው ይላል።

ጥምር ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረሀብ የጻፉት በአንዳንድ የውጭ ጽሑፎች ‹‹ማርያም መ ወ›› በሚል ስም ተጠቅሶ ይገኛል። ወልዱ ተቆርጦ እናቲቱ ብቻ ቀሩ!

እየሳቅሁ ስሠራ ከረምኩ። ሳቁ ያበቃው ሐኪሙ የታረመውን ወስደው በሦስተኛው ቀን በምሽት ሲመለሱ ነው። አልተቆጡም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንድ ዓረፍተ ነገር በጣታቸው ነኩ። ለሕፃናት የሚሰጠው መድኃኒት መጠን የተጻፈበት ነው። የቆመለት የዋቢ ቁጥር ሲታይ፣ ስለ ቀንድ አውጣ የሚያወራ ጥናት ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ዋቢዎች የደራሲው ስም አንድ፣ መጽሔቱ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ርእሱም ተቀራራቢ ሆኖብኝ ‹‹ተደግሟል›› ብዬ አንዱን ሰርዤዋለሁ። አልተደገመም። አልማዝ ታደሰና አበበ ታደሰ ብንላቸው፣ ሁለቱም በቫንኩቨር ‹‹ታደሰ አ›› ናቸው። ዋናዎቹን ጥናቶች ከፍቼ ሳይ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ ሆነው ተገኙ። አንዷን ስሰርዝ ከእሷ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጡ፤ ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን በነበሩበት ቀሩ። አንዲት ሴት ከሥራዋ ተፈናቀለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሌላ ሰው ዋስትና መቆም ጀመረ።

‹‹ልጄ፣ ዋቢ ማለት ዋስ ማለት ነው›› አሉኝ ሐኪሙ። ‹‹አንድ የገጠር ጤና ባለሙያ መጠኑን ቢጠራጠር ዋሱን ይጠራል። ሲጠራው ሌላ ሰው ብቅ ካለ ምን ይዋጠው?››

ያን ሌሊት መብራት ስለ ጠፋ በሻማ ተቀምጬ የራሴን ስም በዚያ ሥርዐት ጻፍኩት። የአባቴ ስም በሙሉ ከፊት ወጣ፤ እኔ አንዲት ፊደል ሆንኩ። አባቴ ዘበኛ ነበር፤ ደመወዙን በጣቱ እየፈረመ የተቀበለ ሰው ነው። ስሙ በታተመ ጽሑፍ ላይ ቀድሞ ቢያይ እንዴት ደስ ባለው! ግን ሐሰት ነው፤ እሱ አልጻፈም። ለዲፕሎማዬ የከፈለችው ደግሞ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ እያወረደች የሸጠችው እናቴ ናት። እሷ በቫንኩቨርም ሆነ በእኛ ባህል ስሟ የሚገባበት ቦታ የለም።

በማግሥቱ 43ቱንም ከዋናዎቹ ጥናቶች ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ስምን በተመለከተ ከሐኪሙ ጋር ተመካከርን። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው የሚደረድራቸው፤ ስለዚህ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። የእኛ መጽሔት ግን የውጭ ነው፤ ደጁ ላይ ቆመን ሕጉን ልንለውጥ አልቻልንም። የቻልነውን አደረግን። ጥምር ስሞችን እንዳይቆረጡ አንድ ላይ ገጠምናቸው። ሐኪሙም ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች የሚሰጠውን ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር አወጡ፤ እስካሁን ስማቸው በሁለት ዓይነት እየተጻፈ ሥራቸው የሁለት ሰው መስሎ ኖሯልና።

ጥናቱ ተላከ፤ በዚህኛው ጊዜ ለገምጋሚዎች ተመራ። ሒሳቤን ሲሰጡኝ የ43 ዋቢ ቆጠሩልኝ። የአንዷን መለስኩላቸው።

እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። የሰው ጽሑፍ ሳርም ከጎኔ አንድ ደብተር አኖራለሁ። በዝርዝሩ ላይ አንድ ፊደል የሆነውን ሰው ሁሉ ደብተሩ ላይ በሙሉ ስሙ እጽፈዋለሁ፤ መጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ የአባቱን። ማንም አያነበውም። ልሰርዝ እጄን ስዘረጋ ግን ማንን እንደምሰርዝ አውቃለሁ።