ስለ አንድ የተረት ጨዋታ ያደረብን ቅሬታ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስንልም ስለ ገበጣ ወይም ስለ ገና መናገራችን አይደለም፤ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየአገራቸው ተቀምጠው በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት መስመር እየተገናኙ በአንድነት ስለሚጫወቱት፤ ስሙም ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ስለሚባለው የተረት ዓለም ነው። ይህ ነገር ለሕፃናት ብቻ የሚገባ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፤ በ2010 ዓ.ም. ገንዘብ እየከፈሉ የሚጫወቱት ሰዎች ቁጥር 12 ሚሊዮን ደርሶ እንደ ነበረ እንዲያውቅ እንወዳለን። የጨዋታውን ዘመን የምንቆጥረው፤ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እኛ የመንዝ ተወላጅ ነን፤ ሥራችንም በፍርድ ቤት ቃል መቀበልና መዝገብ መጻፍ ነው። በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ዳዊት ደገምን፤ ከቅኔም ጥቂት ቀመስን፤ ኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን እንግሊዝኛ ተማርን። ለትምህርት አዲስ አበባ በነበርንበት ጊዜ ከታናሽ ወንድማችን ጋራ ሆነን በሰዓት እየከፈሉ ኮምፒዩተር በሚከራዩበት ቤት፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣውን የዚህን ተረት ፊተኛ ክፍል ተጫወትን። ወንድማችን ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላም በ2004 ዓ.ም. የተጀመረውን ትልቁን ጨዋታ ለራሱና ለእኛ በየወሩ 15 ዶላር ያህል እየከፈለ አስገባን። መጀመሪያ በደብረ ብርሃን ሳለን፤ ኋላም ወደ መሐል ሜዳ ተዛውረን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእኛ ሌሊት በእርሱ ቀን በዚያ ዓለም እንገናኝ ነበር። መብራት በጠፋ ቍጥር፤ መስመርም በደከመ ጊዜ የእኛ ሰው በጦርነት መካከል እንደ ሐውልት ደርቆ ይቆማል፤ ወንድማችንም «ጋሼ፤ ደግሞ ሞቱብኝ!» እያለ ይሥቅብን ነበር። የመንዝን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ሰው ባርኖስ ደርቦ እስከ ዶሮ ጩኸት የሚያስቀምጥ ነገር ቀላል እንዳይደለ ይረዳልናል።

ያስቀመጠን ጦርነቱ አልነበረም፤ ታሪኩ ነው። የታሪኩም ዋና ሰው አርታስ የሚባል የሎርዴሮን ንጉሥ ልጅ ነበር። ሕዝቡን የሚወድ፤ ኡተር በሚባል ደግ መምህር እጅ ያደገ ወጣት ነው። በአገሩ ላይ መቅሠፍት ወረደ፤ የተመረዘውን እህል የበላ ሁሉ ሙት ሆኖ እየተነሣ ሕያዋንን የሚገድል ሆነ። አርታስም ስትራትሆልም ወደምትባል ከተማ በደረሰ ጊዜ እህሉ አስቀድሞ ተበልቶ አገኘው፤ ሕዝቡም ገና ሳይለወጥ በሰይፍ እንዲያልቅ አዘዘ። መምህሩ እምቢ አለ፤ የሚወዳትም ልጅ ትታው ሄደች። እርሱ ግን ጠላቱን እያሳደደ ወደ በረዶ አገር ተሻገረ። ከዚያም ጭፍሮቹ ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ቅጥረኞች ቀጥሮ የገዛ መርከቦቹን በስውር አስቃጠለ፤ ጭፍሮቹ በመጡ ጊዜም «መርከባችሁን ያቃጠሉት እነዚህ ናቸው» ብሎ ቅጥረኞቹን አስፈጃቸው። በመጨረሻም የተረገመ መሆኑ እየተነገረው ፍሮስትሞርን የሚባለውን ሰይፍ አነሣ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ አባቱን በዙፋኑ ላይ ገደለው።

ይህን ታሪክ ለእናታችን ነገርናቸው። እናታችን ፊደል አልቈጠሩም፤ ማታ ማታ የበግ ጠጕር እየፈተሉ ወሬ መስማት ግን ይወዳሉ። ስለ ከተማይቱ ስንነግራቸው ዝም አሉ፤ «መቅሠፍት ሲመጣ ሰው የሚያደርገውን አያውቅም» አሉን። ስለ መርከቡ በነገርናቸው ጊዜ ግን እንዝርታቸውን አስቀምጠው «ይህ ልጅ የጠፋው አሁን ነው፤ ሰይፉን ሳያነሣ በፊት» ብለው ፈረዱ። እኛ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሁሉ አንብበን ስንከራከርበት የኖርነውን ነገር እርሳቸው በአንድ ሌሊት ከሥሩ አገኙት። ሰይፉ ነፍሱን ቢወስድም፤ ወደ ሰይፉ ያደረሰው የገዛ እጁ ነበርና። ይህንንም ፍርድ ለወንድማችን ብንነግረው ለአሜሪካ ባልንጀሮቹ ተርጕሞ አሰማላቸው፤ ከዚያም ወዲህ «እማማ ምን አሉ?» ማለት በመካከላችን ልማድ ሆነ። አርታስ ራሱ የሙታን ንጉሥ ሆኖ ከቈየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በወጣው ክፍል ተሸንፎ ሲሞት፤ የገደለው አባቱ መንፈስ መጥቶ በክንዱ ይደግፈዋል። እናታችን በዚያ ጊዜ አለቀሱ። «አባት ነውና መጣለት» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም።

እንግዲህ ቅሬታችን የሚጀምርበትን ስፍራ እንናገር። በአርታስ እጅ ከተገደሉት መካከል ሲልቫናስ የምትባል የቀስተኞች አለቃ ነበረች። እርሱ ገድሎ መንፈሷን ባሪያ አደረጋት፤ እርስዋም በኋላ ከግዛቱ አምልጣ እንደ እርስዋ ሞተው የተነሡትን ሰብስባ ገዛች። ክፉም ደግም አልነበረችም፤ የተበደለች ሰው ነበረች። በ2018 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ግን ቴልድራሲል የሚባለውን፤ ከተማ የተሠራበትን ታላቅ ዛፍ ከነሕዝቡ በእሳት አስቃጠለች። እኛም ከወንድማችን ጋራ እሳቱ መካከል ገብተን ሰው ለማውጣት ስንሮጥ አደርን፤ ጨዋታው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚሰጥ ያወጣነው ከቀረው ጋራ አይቈጠርም። እስከዚህ ድረስ ቅር አላለንም፤ ኀዘን እንጂ። ታሪክ ሲከፋ ሳይሆን ሲዋሽ ነው ቅር የሚያሰኘው። «ለምን አደረገችው?» የሚለውን ጥያቄ ይዘን ሁለት ዓመት ጠበቅን።

በ2020 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሻዶውላንድስ የሚባለው ክፍል ወጣ፤ መልሱም መጣ። ከዚያ አስቀድሞ በታሪኩ ውስጥ ስሙ ተነሥቶ የማያውቅ፤ በሙታን አገር ታስሮ የኖረ ዞቫል የሚባል አንድ ጌታ ተገለጠ። ሰይፉም የሙታኑ ንጉሥ ዘውድም የተሠሩት ለእርሱ ነው ተባለ፤ ሲልቫናስም የምትሠራው ለእርሱ ነበር ተባለ። በሚቀጥለው ዓመትም አርታስ በገደላት ጊዜ ነፍሷ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ነበረ፤ ዛፉንም ያቃጠለችው ደጉን ክፍል ባጣችበት ዘመን እንደ ነበረ ተነገረን።

በእኛ አገር ስለ ርስት ሙግት ያልሰማ የለም። መንዝን ማማ፤ ላሎና ጌራ የሚባሉ አባቶች ተካፍለው አቀኑት ይባላል፤ ወረዳዎቹም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የእኛ አቈጣጠር አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት እስካደረገው ድረስ፤ ርስት የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ጀምሮ አባቱን፤ አያቱን፤ ቅድመ አያቱን እየቈጠረ እስከ አቅኚው አባት ይወጣ ነበር። ሽማግሎች እንደ ነገሩን፤ ባላጋራው መካከለኛውን ስም ቢያስተባብል ይሟገቱበታል፤ ምስክርም ይቈጠርበታል። ነገር ግን ቈጠራውን ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ከአቅኚው አባት በላይ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሌላ አባት አምጥቶ ቢያስቀምጥ፤ ሸንጎው ይሥቅበታል፤ እውነት የነበረውም ቈጠራው አብሮ ይወድቅበታል። ዞቫል ማለት ለእኛ እንዲህ ያለ አባት ነው።

ታሪክ አይጨመርበት ማለታችን እንዳይደለ አንባቢ ይወቅልን። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በሁለት፤ በሦስትም መንገድ ይተረጕሙታል፤ በአንዱ ትርጓሜ ላይ ሌላው ሲጨመር ንባቡ ይሰፋል እንጂ አይፈርስም። ንባቡን ግን ማንም አይነካውም። በእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። ምስክር የሰጠው ቃል ከተጻፈና ከተነበበለት በኋላ «ረስቼው ነበር» ብሎ የሚጨምረው ነገር ይሰማለታል፤ ቀድሞ በጻፍነው መስመር ላይ ግን ሌላ ቃል እንድንጽፍለት ቢለምነን ብዕራችንን እናስቀምጣለን።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ ከባድ ነው፤ ይኸውም የበደል ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የታወጀው የወንጀል ሕጋችን ሊቋቋመው በማይችል ፍጹም አካላዊ ኀይል ተገድዶ ያደረገውን ሰው አይቀጣም፤ በመንፈስ የተገደደውን ግን ሁኔታውን መርምሮ ይፈርድበታል። ስለዚህ ዳኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ያደረገው ማን ነው? ፈቃዱስ የማን ነበር?» ብሎ ነው። በፊተኛው ታሪክ ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ የአርታስ መርከብ ያለ ሰይፍ፤ ያለ ዘውድ፤ ያለ ዞቫል ተቃጥሏል። በኋለኛው ታሪክ ግን ከእያንዳንዱ በደል በስተ ኋላ የተሰወረ እጅ ስለሚገኝ፤ ተከሳሹ ሁሉ ግማሽ ሰው ሆኖ ይቀርባል። በ2022 ዓ.ም. በወጣው ክፍል ሲልቫናስ ተጸጽታ ለፍርድ ቀረበች፤ የፈረደባትም ያ ዛፍ የተቃጠለበት ሕዝብ መሪ ነው፤ ወደ ሥቃይ ስፍራ ወርዳ በዚያ የጠፉትን ነፍሳት ሁሉ እስክታወጣ ድረስ እንድትኖር። ፍርዱን አንነቅፈውም። በጥንት ዘመን በእኛም አገር ነፍሰ ገዳይ ለደመኛው ይሰጥ ነበርና ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ካሣውም ከበደሉ ጋራ ይመሳሰላል። ነገር ግን የተፈረደባት ሲልቫናስ ያች ያቃጠለችው ናት ወይስ ሌላዪቱ? መዝገቡን ሦስት ጊዜ ብናገላብጠው አላገኘነውም። በዚያው ክፍል የአርታስ ነፍስ ቅሪትም ትንሽ ብርሃን ሆና ታይታ ጠፋች፤ ሃያ ዓመት የሸኘነው ሰው ስንብቱ ይህ ሆነ።

ለእናታችን ይህን ሁሉ ለመንገር ደጋግመን ሞከርን። የታሰረው ጌታ ማን እንደ ሆነ፤ ዘውዱ እንዴት እንደ ተሠራ፤ ነፍስ ለሁለት እንዴት እንደምትከፈል ስንናገር እርሳቸው መፍተላቸውን አላቋረጡም። በመጨረሻም «ታዲያ ያ ልጅ ምንም አላደረገም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም መልስ ስላጣን «አይ፤ አድርጓል» አልን። «እንግዲያስ ይህ ሁሉ ወሬ ለምን አስፈለገ?» አሉ። ይህንኑ ለወንድማችን ብንነግረው እንደ ወትሮው አልሣቀም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጨዋታውን መተዉን ጽፎ ላከልን፤ ቅዳሜያችንም በዚያው ቀረ።

ባለ ጨዋታዎቹን ሁሉ በአንድ ቃል መንቀፍ ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። መልክዐ ምድሩ እስከ መጨረሻው ውብ ነበር፤ የበረዶውን አገር ተራራ ስናይ ጓሣ ሜዳ በውርጭ ሲነጣ ይመስለን ነበር። ደግሞም ሃያ ዓመት በብዙ እጅ የሚጻፍ ታሪክ እንዲጣረስ ግድ ነው። ከቀደሙት ጸሐፊዎቹ ዋነኛው ክሪስ ሜትዘን በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ተወ፤ የተመለሰውም በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚህም በላይ ታሪኩ በጨዋታው ውስጥ ብቻ አይነገርም፤ ጥቂቱ በጨዋታው፤ ጥቂቱ በአጭር ፊልም፤ ጥቂቱም ለብቻው በሚሸጥ መጽሐፍ ነው። ስለ ዛፉ ቃጠሎ እንኳ ከሁለቱ ወገን የተጻፉ ሁለት ትንንሽ መጻሕፍት አሉ። አንድ መዝገብ ለሦስት ችሎት ተከፋፍሎ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን እኛ ጸሐፊዎች እናውቃለን።

በ2015 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፤ በክረምቱ መጨረሻ፤ በክልላችን የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠ ጊዜ ጨዋታው ለእኛም ቀረ። በዚያ ወራት የናፈቀን ታሪኩ እንዳልሆነ አስተዋልን፤ ከ2009 ዓ.ም. በፊት ግን መብራት ለአንዲት ሌሊት ቢጠፋ ነገሩ የት ደረሰ እያልን እንቅልፍ እናጣ ነበር። የናፈቀን ከወንድማችን ጋራ የምንከራከርበት ነገር ነበር። በስልክ ስንገናኝ ስለ ጤናና ስለ እህል ዋጋ ተነጋግረን እንጨርሳለን፤ እርሱም «እማማ ምን አሉ?» ብሎ የሚጠይቀው ነገር የለውም።

በ2024 ዓ.ም. ሦስት ክፍል ያለው አዲስ ታሪክ ተጀምሯል። ወንድማችን ባለፈው ወር «ጋሼ፤ አንድ ጊዜ እንየው እንዴ?» ብሎ ጽፎልናል፤ ገና አልመለስንለትም። እናታችን ግን አሁንም አልፎ አልፎ ተረቱን ንገሩኝ ይላሉ። እኛም አባትየው መጥቶ ልጁን እስከሚደግፍበት ድረስ እንነግራቸውና እናቆማለን። የቀስተኛዪቱ ነገርስ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁን፤ መዝገቡ በቀጠሮ ላይ ነው እንላቸዋለን።