የዋንዛው ጠይም

እንጨት የተቆረጠ ዕለት ዕድሜው ያበቃ ይመስለናል። ዳሩ ግን ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ ወለል ሆኖ ከተነጠፈ በኋላም መልኩን መለወጡን አይተውም።

ሲሪንቃ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው የግብርና ምርምር ማዕከሉንና ማሽላውን ነው። እኔን የምታስታውሰኝ ግን አባቴ ከማሳው ዳር ያሳደገውን ዋንዛ ነው። ዋንዛ የገበሬ ዛፍ ነው፤ አበባው ለንብ፣ ፍሬው ለእረኛ፣ ጥላው ለአራሽ፣ ግንዱ ለበርና ለሣጥን ይሆናል። የ1986ቱ የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለውም ብርቅነቱን አይቶ ነው። የእኛው ዋንዛ አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ደረቀ። ለገበያ ማውጣቱን ማንም አልፈቀደም፤ ጣውላ ሆኖ የእናቴ ክፍል ወለል እንዲሆን ተስማማን።

ሥራው ሲያልቅ ወለሉ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቡናማ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በምሥራቁ መስኮት በኩል ያለው ወገን ጠቆረ። ወንድሜ «የአባቴን ዋንዛ በሌላ እንጨት ለውጠውብናል» ብሎ የአናጺውን ቀሪ ክፍያ ያዘ። ነገሩ ከገንዘብ በላይ ነበር፤ ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር የአናጺ ስም አንዴ ከጎደፈ መልሶ የሚያጠራው የለም።

ሽማግሌው አናጺ አልተቆጡም። «እስቲ ልጄ፣ ምንጣፉን አንሣው» አሉት። አነሣው። ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ምንጣፉ ሥር የሚገባ፣ መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ጣውላ ነበር። ያልተሸፈነው ግማሹ ጠይሟል፤ የተሸፈነው ግማሹ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። ሁለቱን የሚለያቸው መስመር የምንጣፉ ጠርዝ ነበር። «አንድ ጣውላ ሁለት እንጨት አይሆንም፤ ፀሐይ ያየው ጠየመ፣ ያላየው ቆየ» አሉ። ወንድሜ ቀሪውን ከፍሎ፣ ጉልበታቸውን ስሞ ሸኛቸው።

የእንጨትን ባሕርይ የሚያጠኑ ሊቃውንት የሚሉትም ከሽማግሌው ቃል አይርቅም። የእንጨትን ጭረቶች አያይዞ የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር ብርሃን፣ ይልቁንም አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ሲያርፍበት ይፈራርሳል፤ በእንጨቱ ልብ ያሉት ቀለም ሰጪ ቅመሞችም ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኙ ይለወጣሉ። ቫርኒሽ ቢያዘገየው እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም፤ ዘይት ያለበት ቫርኒሽማ ራሱም ከዕድሜ ጋር ወደ ቢጫ ያደላል። ሁሉም እንጨት ደግሞ አይጠቁርም፤ የአሜሪካው ቼሪ እየጠቆረ ሲሄድ ጥቁሩ ዋልነት እየፈዘዘ ይሄዳል። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፤ ኋላ እየረጋ ይመጣል።

እናቴ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። ከአርባዋ በኋላ አልጋዋን ከጥጉ ስናነሣ፣ ልክ የአልጋዋን ስፋት የያዘ ፈዛዛ ወለል ተገለጠ። እኅቴ እጇን አሳርፋበት ብዙ ቆየች። «አልጋውን እንመልሰው፤ ቦታዋ አይጥፋ» አለች። ወንድሜ ቤቱ ብርሃን ያግኝ አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ተመለከቱ።

እኔ መስኮቱን ተመለከትሁ። እናቴ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ፣ ፀሐይ ከአፋር ቆላ በኩል ብቅ ሳትል መዝጊያውን ወለል አድርጋ ትከፍት ነበር። በታመመችበት ወራት እንኳ ሌላ ሰው እንዲከፍተው አትወድም ነበር። ያ የጠየመው ወገን እንግዲህ የእሷ የእጅ ሥራ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ያስገባችው ብርሃን እዚያ ተጽፏል። በአልጋዋ ሥር የቀረው ግን እሷ ያስገባችው ብርሃን ያልደረሰው ብቻ ነው።

ይህንኑ ነገርኋቸው። እኅቴ አለቀሰች፤ ከዚያም ተነሥታ መዝጊያውን እስከ ግድግዳው ገፋችው። አልጋው አልተመለሰም። ፈዛዛው ቦታ አሁን ከቀን ወደ ቀን እየጠየመ ነው።