ሀገሩ አልቀበልም ያለችው ፀጉር አስተካካይ

የእኛ ሰው ዘር ሲቆጥር ወረቀት አይፈልግም። ልጅ ለመዳር የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ድረስ በቃላቸው ይወርዳሉ፤ መሀል ላይ አንድ ስም ቢጠፋባቸው እንኳ ከጎረቤት ተበድረው ይቀጥላሉ። አሜሪካውያን ጎረቤቶቼ ግን ሦስተኛው ትውልድ ላይ ይደክማቸዋል። ቅድመ አያታቸው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ምራቃቸውን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ተፍተው በፖስታ ይልካሉ፤ መልሱም በመቶኛ ተሰልቶ ይመጣላቸዋል። ከመቶኛው ውስጥ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ጀርመን ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 45 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን የዘር ሐረጋቸው ጀርመን ይደርሳል ብለው ሞልተዋል።

እኔም ከእነዚህ ውስጥ የአንዱን አያት ልቆጥርለት ተነሣሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ የማንም ሽማግሌ አይደለሁም። የመረጥኩት የ45ኛውንና የ47ኛውን ፕሬዚዳንት፣ የዶናልድ ትራምፕን አያት ነው። ምክንያቴ ፖለቲካ አይደለም ብል አታምኑኝም፤ ስለዚህ ግማሹ ፖለቲካ ነው እንበል። ሌላው ግማሽ ሰፈር ነው። እኔ የምኖረው ሲያትል ነው፤ ሰውየውም የመጀመሪያ ምግብ ቤቱን የከፈተው እዚሁ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰባትና ስምንት ዓመት መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።)

ፍሬድሪክ ትራምፕ የተወለደው በ1869 ካልሽታት በምትባል የጀርመን መንደር ነው። ካልሽታት በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የወይን ሀገር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ የምትገዛው በባቫሪያ መንግሥት ሥር ነበር። አባቱ ወይን አልሚ ነበር። ሳንባውን ታሞ በ1877 ሲሞት ለሚስቱ ስድስት ልጆችና ዕዳ ትቶላት ሄደ። ፍሬድሪክ ለወይን እርሻ ጉልበት የሌለው ቀጫጫ ልጅ ስለነበረ እናቱ ፍራንከንታል ወደምትባል ከተማ ልካ ፀጉር ማስተካከል አስተማረችው። ሁለት ዓመት ተኩል ተለማምዶ፣ ምላጩን ይዞ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ካልሽታት ግን የሚቆረጥ ፀጉር እንጂ የሚከፈል ገንዘብ አልነበራትም። በዚያ ላይ የውትድርና ዕድሜው እየቀረበ ነበር።

በ1885 ጥቅምት ወር፣ ገና 16 ዓመቱ፣ አንድ ሌሊት ለእናቱ ማስታወሻ ጽፎ ተወላትና ወጣ። ከብሬመን ወደብ ኤይደር በምትባል መርከብ ተሳፍሮ በ12 ቀን ኒውዮርክ ገባ። ኤሊስ ደሴት ገና አልተከፈተም ነበር፤ ስደተኛ የሚመዘገበው ካስል ጋርደን በሚባል የቆየ ምሽግ ውስጥ ነው። ቪዛ የሚባል ነገር የለም። ቻይናውያን ሠራተኞች ከሦስት ዓመት በፊት በወጣ ሕግ በሩ ተዘግቶባቸዋል፤ ለጀርመን ልጅ ግን በእግሩ ቆሞ መናገር ከቻለ ይበቃል። መዝጋቢው ስሙን «ፍሬድር ትሩምፕፍ»፣ ሥራውን ደግሞ «የለውም» ብሎ ጻፈ። እንግሊዝኛ አይችልም፤ አሳዳጊ አብሮት የለም፤ ሀገሩን የለቀቀው የሀገሩን ሕግ ጥሶ ነው። ዛሬ ቢሆን ለዚህ ልጅ ስንት ዓይነት ፎርም ይወጣለት ነበር!

ያረፈው ከእሱ በፊት የመጣች ታላቅ እኅቱ ቤት ነው። ይህን ክፍል ለሐበሻ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። የእኅት ቤት፣ የባሏ ፊት፣ ሥራ እስኪገኝ ድረስ በዝግታ የሚበላ እራት። ፍሬድሪክ ግን ብዙም አላስቸገራቸውም፤ በደረሰበት ቀን ጀርመንኛ ተናጋሪ ፀጉር አስተካካይ አግኝቶ በማግስቱ ሥራ ገባ። ስድስት ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ፀጉር ሲያስተካክል፣ ጢም ሲላጭ ኖረ።

በ1891 ጠቅልሎ ወደ ሲያትል መጣ። ከተማዋ በ1889 ታላቁ ቃጠሎ መሀሏ ወድሞ እንደገና በጡብ እየተሠራች ነበር፤ ባቡሩ ብቸኛ ወንዶችን በገፍ ያራግፍባታል። ብቸኛ ወንድ ደግሞ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ሌላም ያምረዋል። ፍሬድሪክ በመጠጥ ቤትና በቁማር ቤት በታወቀው ሰፈር፣ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ፣ አንድ ምግብ ቤት ገዝቶ ስሙን «ዴይሪ» አለው፤ የወተት ቤት እንደማለት። በማስታወቂያው ላይ ከምግቡ ሌላ «ለሴቶች የሚሆኑ ክፍሎች» እንዳሉ ይነገር ነበር፤ የዚያ ዘመን አንባቢ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያ ሰፈር አሁን ፓዮኒር ስኩዌር የሚባለው ነው። በዚያ ሳልፍ የምግብ ቤት ማስታወቂያዎችን በጥርጣሬ ማንበብ ለምዶብኛል። በ1892 እዚሁ ከተማ የአሜሪካ ዜግነቱን ወሰደ።

የዚህን ሰው ጠባይ የሚያሳየው ግን ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው። ከሲያትል ሰሜን ምሥራቅ፣ ተራራው ውስጥ፣ ሞንቴ ክሪስቶ በሚባል ቦታ ማዕድን ተገኘ ተብሎ ሰው ሲተም፣ እሱም ሄዶ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ቦታ ላይ ወርቅ እቆፍራለሁ ብሎ አስመዘገበ። አንድ ጉድጓድ አልቆፈረም። በቦታው ላይ የሠራው ማደሪያ ቤት ነበር። መሬቱ ግን የእሱ አልነበረም። በ1896 የመንደሩ ሰዎች ይህንኑ ሰው የሰላም ዳኛ አድርገው መረጡት። ነገሩን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ያው ነው።

ሞንቴ ክሪስቶ እንደተወራለት ሳይሆን ቀረ። በ1897 ሐምሌ ግን ከሰሜን ወርቅ የጫነች መርከብ ሲያትል ወደብ ስትደርስ ከተማው አበደ። ባለ ሱቁም ትራም ነጂውም ሥራውን እየጣለ ወደ ክሎንዳይክ፣ ወደ ካናዳ በረዶ ነጎደ። የካናዳ ፖሊስ የአንድ ዓመት ስንቅ ያልያዘ አያልፍም ስላለ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቶን የሚያህል ዕቃ እየተመላለሰ ማጓጓዝ ነበረበት። ኋይት ፓስ በሚባለው መተላለፊያ ላይ 3,000 ያህል ፈረሶች ስላለቁ መንገዱ የሞተ ፈረስ መንገድ ተባለ።

ፍሬድሪክ በዚህ መንገድ ዳር ድንኳን ተክሎ ምግብ መሸጥ ጀመረ። የቤተሰቡን ታሪክ በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ የጻፈችው ግዌንዳ ብሌር፣ የሚቀርበው ሥጋ የፈረስ ሳይሆን አይቀርም ትላለች። ሥጋው በሩ ላይ ወድቆ እያለ ሌላ ሥጋ ፍለጋ የሚሄድ ነጋዴ ቢኖር እኔም ይገርመኝ ነበር።

ከዚያ ከአንድ ሸሪክ ጋር ቤኔት በሚባል የሐይቅ ዳር ከተማ «አርክቲክ» የሚባል ሆቴል ከፈተ። እንደ ድንኳኑ አይደለም፤ ሳልመን፣ ዳክዬ፣ አጋዘን፣ በዚያ በረዶ ውስጥ ትኩስ እንጆሪ ሁሉ ይቀርብበት ነበር። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ የጻፈ አንድ ሰው ለብቸኛ ወንድ ከአርክቲክ የተሻለ ቤት እንደሌለ መስክሮ፣ ጨዋ ሴቶች ግን እዚያ ባያድሩ ይሻላል ብሏል። በ1900 የባቡር ሐዲዱ ቤኔትን አልፎ ኋይትሆርስ ሲደርስ የቤኔት ገበያ አለቀለት። ፍሬድሪክና ሸሪኩ አልተጨነቁም። ሆቴሉን በጀልባ ጭነው በውኃው ቁልቁል ወደ ኋይትሆርስ ወሰዱት! በቀጣዩ ዓመት፣ በ1901፣ ፖሊስ በቁማር፣ በመጠጥና በዝሙት ላይ ሊነሣ መሆኑ ሲሰማ፣ ፍሬድሪክ ድርሻውን ለሸሪኩ ሸጦ ውልቅ አለ። ሆቴሉ በ1905 የኋይትሆርስ ቃጠሎ ዐመድ ሆነ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰውየው 32 ዓመቱ ነው፤ ገንዘብ አለው፤ ዜግነት አለው። ወዴት ሄደ? ወደ ካልሽታት፣ ወደ እናቱ። የጎረቤታቸውን ልጅ ኤሊዛቤት ክሪስትን ወደዳት። እናቱ የድኻ ልጅ ናት ብላ ፊቷን ብታጠቁርም በ1902 አገባትና ኒውዮርክ ይዟት መጣ። ኤሊዛቤት ግን አሜሪካ አልጣማትም። በ1904 ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ የሀገሯ ናፍቆት ስለጠናባት ባልየው ቤቱን ዘግቶ፣ ሚስቱንና ሕፃኗን ይዞ፣ ለመኖር ወደ ካልሽታት ተመለሰ። ያጠራቀመውን 80,000 ማርክ በመንደሩ ግምጃ ቤት አስቀመጠ። የመንደሩ ሹሞችም ጠባየ መልካም ነው ብለው መሰከሩለት። ለ80,000 ማርክ እኔም እመሰክር ነበር።

ከፍ ያለው ቢሮ ግን ሒሳብ ያውቃል። ይህ ሰው በ16 ዓመቱ፣ ውትድርና ሳይገባ፣ ሳያስታውቅ ወጣ። በ35 ዓመቱ፣ ውትድርናው ካለፈው በኋላ፣ ተመለሰ። በ1886 የወጣ መመሪያ ደግሞ ከውትድርና ሸሽቶ አሜሪካዊ ሆኖ የተመለሰ የባቫሪያ ዜግነት አይሰጠውም ይላል። በየካቲት 1905 ከሀገር እንዲወጣ፣ ካልወጣ እንደሚባረር የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው።

ፍሬድሪክ ለንጉሡ እንደራሴ አቤት አለ። ንጉሡ ኦቶ አእምሯቸው ታውኮ ስለነበር ሀገሪቱን የሚያስተዳድሩት አጎታቸው ልዑል ሉዊትፖልት ናቸው። አቤቱታውን ስታነቡት ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚውል ማመልከቻ ጸሐፊ ያረቀቀው ይመስላል። ልዑሉን በጥበብና በፍትሕ ያሞግሳል፤ የወላጆቹን ታማኝነትና ጨዋነት ይጠቅሳል፤ ድንጋጤው ሚስቱን እንዳሳመማት፣ ሕፃኗም እንደታመመች ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ተንበርክኮ እንዲቆይ ይለምናል። ልዑሉ አልሰሙትም። ይህን ሰነድ የታሪክ ተመራማሪው ሮላንድ ፓውል ሽፓየር ከተማ ካለው ቤተ መዛግብት ቆፍረው በ2016 ለሕዝብ አሳውቀዋል። የልጅ ልጁ ያሸነፈበት ዓመት ነው።

በልጅ ልጁ ላይ ለመሳቅ ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ብዙ ናቸው። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ስደግመው ግን ሳቁ ሄደ። ከሕፃን ልጅና ከታመመች ሚስት ጋር ውጣ የተባለ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። የካልሽታቱ ፍሬድሪክ አሜሪካዊ ለመሆን ብሎ አልሄደም፤ ሀብታም የካልሽታት ሰው ለመሆን ሄደ። አሜሪካዊ አድርጎ ያስቀረው የባቫሪያ ጸሐፊ ነው።

በሐምሌ 1905 መጀመሪያ ቤተሰቡ ከሐምቡርግ ተሳፈረ። ኤሊዛቤት የስድስት ወር ያህል እርጉዝ ነበረች። በጥቅምት 11 ቀን ብሮንክስ ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ፍሬድ ተባለ። የፕሬዚዳንቱ አባት ማለት ነው። ካልሽታት ተፀንሶ፣ በእናቱ ሆድ ሆኖ ተባርሮ፣ አሜሪካ ተወለደ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ፍሬድሪክ እንደገና ምላጩን አነሣ፣ ቀጥሎ ሆቴል አስተዳደረ፣ ኩዊንስ ውስጥ መሬት ገዛ። በ1917 አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገጥም ጀርመንኛ መናገር ስለሚያስጠረጥር አንገቱን ደፍቶ ኖረ። በ1918 ግንቦት ከልጁ ከፍሬድ ጋር በእግሩ ሲሄድ ሕመም ተሰማው፤ በማግስቱ ሞተ። ኢንፍሉዌንዛው ነው። የ49 ዓመት ሰው ነበር። የተወው ሀብት 31,359 ዶላር ተብሎ ተመዘገበ።

ያንን ገንዘብ ይዛ መሬት እያሠራች፣ ቤት እያሸጠች፣ ልጇ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ቼኩን ራሷ እየፈረመች የቤተሰቡን ድርጅት ያቆመችው ሀገሬ ካልገባሁ ያለችው ኤሊዛቤት ናት። የድርጅቱ ስም ራሱ «ኢ. ትራምፕ እና ልጅ» ነበር። ስለ ቤተሰቡ ሀብት ሲወራ ስሟ የማይነሣ መሆኑ የሚያናድደኝ እኔን ብቻ ነው ወይ? አሜሪካን ያልወደደችው ሴት አሜሪካ ውስጥ እስከ 1966 ኖረች።

ልጇ ፍሬድ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ዘሩን ሲጠየቅ ስዊድን ማለት ጀመረ። የሚያከራየው ቤት ውስጥ አይሁድ ተከራዮች ነበሩበት፤ ጀርመን ነኝ ማለት ለንግድ አይበጅም። ልጁ ዶናልድም በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ አያቱ ከስዊድን እንደመጣ ጻፈ። እንግዲህ ከካልሽታት እስከ ክሎንዳይክ የሄድኩበት መንገድ ይኸው ነው፤ ስዊድን አንድም ቦታ የለችበትም።