የሌየር ዘር ማንዘር

ፎቶ በማስተካከል እንጀራውን የሚበላ ሰው ዘመድ አያጣም። ሰዎች ይጋባሉ፣ ይመረቃሉ፣ ይጣላሉ፤ ከዚያ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ይመጣል። በቅርቡ የመጣልኝ ከእናቴ ወዳጅ ነው። ልጃቸው በምርቃቷ ድግስ ላይ በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ አምራ፣ አንድ ወጣት ትከሻዋን አቅፏት ቆሟል። ወጣቱ ያኔ እጮኛዋ ነበር፤ አሁን አይደለም።

«የኔ ልጅ፣ እሱን ብቻ አውጣልኝ፤ ሌላውን እንዳትነካብኝ!»

«እሺ እትዬ» አልኩ። እሺ ማለት አይከፈልበትም።

እትዬ ኮምፒውተሩ ውስጥ ልጃቸው ለብቻ፣ እጮኛው ለብቻ፣ ግድግዳው ለብቻ የተቀመጡ ይመስላቸዋል። ፋይሉ ግን ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ጎን ለጎን የተደረደሩ የቀለም ነጠብጣቦችን ነው። ሌየር፣ ማለትም እያንዳንዱን ለብቻው የሚይዝ ተደራራቢ ገጽ፣ ካስፈለገ የምፈጥርለት እኔ ነኝ።

ይህ ሁሉን ለየብቻ በሌየር የማስቀመጥ አመል ከማን እንደተወረሰ ለማየት፣ እንደ አገራችን ሽማግሌ ዘሩን እንቁጠር፤ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። የምሠራበትን ፎቶሾፕ በ1987 የጀመረው ቶማስ ኖል የተባለ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ወንድሙ ጆን የ«ስታር ዋርስ»ን የፊልም ተአምር በሠራው ኩባንያ ተቀጣሪ ነበርና ነገሩ ለምን እንደሚጠቅም ቶሎ ገባው። አዶቤ በ1990 ለገበያ አወጣው፤ ያኔ ግን ሌየር የለም። ቆርጠህ የለጠፍከው ነገር ሰሌክሽኑን እንደለቀቅከው ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሐዳል፤ ብትጸጸት ወደ ኋላ የምትመለሰው አንዲት እርምጃ ናት። ሌየር የተወለደው በ1994 በሦስተኛው እትም ነው።

አባቱ የካርቱን ሰው ነው። የካርቱን ሠዓሊ ድመቷ ጭራዋን ባነቃነቀች ቁጥር ቤቱንም ዛፉንም እንደገና መሣል ይታክተው ነበር። አሜሪካዊው ኧርል ኸርድ በ1914 መላ መታ፦ ድመቷን ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ላይ ሥሎ ከማይንቀሳቀሰው ቤት ላይ ማንጠፍ።

አያቱ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ነው። በ1850ዎቹ የነበረውን የመስታወት ኔጌቲቭ ሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ያቃጥለው ስለነበር፣ ባሕሩ በደንብ ሲወጣ ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆናል። ለ ግሬ ባሕሩን ለብቻ፣ ደመናውን ለብቻ አነሳና አንዱን እየሸፈነ ሌላውን በአንድ ወረቀት ላይ አተመ። ያ መሸፈኛ የዛሬው ማስክ መሆኑ ነው። አንዱን ደመና ለተለያዩ ባሕሮች እስከ መጠቀምም ደርሷል። በ1857 ደግሞ ኦስካር ራይላንደር እንግሊዝ ውስጥ ከ30 በላይ ኔጌቲቮችን አጋጥሞ አንድ ትልቅ ሥዕል አወጣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ቅጂውን ገዙ።

የዘር ሐረጉን ልብ ካላችሁት ሁሉም አጋቢዎች ናቸው። ለየብቻ የነበረውን አንድ ላይ አመጡት። እትዬ የጠየቁኝ ግን ፍቺ ነው፤ ፍቺ ደግሞ የንብረት ክፍፍል አለው።

ቀሚሱ አላስቸገረኝም፤ ጠርዙ ቁርጥ ያለ ነው። ነጠላው ግን ስስ ነውና በድሩ መሐል የልጁ ሰማያዊ ሸሚዝ ይታያል። ሸማው የሷ፣ ሰማያዊው የሱ። ማስኩን ብዘጋው ነጠላው ይበሳል፤ ብከፍተው ሸሚዙ አብሮ ይቀራል። ግራጫ ብሩሽ ይዤ ድር በድር እየዳበስኩ ሰማያዊውን አፈዘዝኩት። ቀጥሎ ትከሻዋ ላይ አራት ጣቶች አሉ፤ ባለቤታቸው ቢሄድም እነሱ አልሄዱም። የነፃውን ትከሻ ቀድቼ፣ ገልብጬ አለበስኳት።

ከባዱ ከኋላው ያለው ነው። ሰው ሲወጣ የራሱ ቅርፅ ያለው ቀዳዳ ይተዋል፤ ካሜራው ደግሞ ከጀርባው የነበረውን አላየም። ለ ግሬ ሰማይ ሲጎድለው ወጥቶ ሰማይ አነሳ፤ እኔ ያንን ድግስ መልሼ ላነሳው አልችልም። እጮኛው የቆመው «እንኳን ደስ አለሽ» ከሚለው ጽሑፍ ፊት ነበርና «ደስ» የምትለዋን ከነጭራሹ ጋርዷታል። የዳር ፊደላቱን መልክ አይቼ «ደስ»ን በራሴ እጅ ጻፍኩላት። ለዚህ የሚሆኑ በአንድ ጠቅታ የሚሞሉ አዳዲስ መሣሪያዎች አሉ፤ ግን እጮኛውን አስወጥተው በቦታው ፈገግ ያለ፣ ዘሩም የማይታወቅ ጎልማሳ ሲያቆሙ አይቻለሁ። እትዬ ለሌላ አማች ገና አልተዘጋጁም።

ስለዚህ ድግስ ላላችሁ ሁሉ ምክሬ ይኸው፦ ሽማግሌ ያልላከ ሰው ለፎቶ ሲቆም ዳር ይሁን፤ ከዳር ያለ ሰው ያለ ሌየር፣ ያለ ማስክ፣ በነፃ ይቆረጣል። እጁንም ኪሱ ውስጥ ያድርግ።